ልጄ ሦስት ዓመት ኮሌጅ ተመላልሶ ለምን አልጨረሰም?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፉት ወራት ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብተው ሳይጨርሱ ስለሚቀሩ፣ ወይም ጨርሰው ከተማሩት ጋር የሚገናኝ ሥራ ስለሚያጡ ወገኖቻችን ነው። እኔም ለብዙ ዓመታት በተማሪዎች አማካሪነት የሠራሁበት መስክ ስለሆነ፣ በዚህ እትም ለአራት ደብዳቤዎች ሰፋ ያለ መልስ ለመስጠት ወስኛለሁ። ደብዳቤዎቹ አጥረው ቀርበዋል፤ የጸሐፊዎቹም ስም እንዲቀር ተደርጓል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ልጄ ሃይስኩል እንደጨረሰ በ2022 ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባ። ሁለት ዓመት እዚያ፣ ሁለት ዓመት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ እንደሚማር ነበር የነገረን። ይኸው ሦስት ዓመት አለፈ። ቀን ይማራል፣ ማታ ፓርኪንግ ጋራዥ ይሠራል፤ ሜጀሩንም (ዋና የትምህርት ዘርፉን) ሁለት ጊዜ ቀይሯል። መቼ ትጨርሳለህ ስለው «ትንሽ ነው የቀረኝ» ይለኛል። ኮሌጁ ሄጄ ብጠይቅ ስለ ልጄ ምንም ሊነግሩኝ እንደማይችሉ ገለጹልኝ። አባቱ ትምህርቱን ትቶ ሙሉ ጊዜ ይሥራ እያለ ነው። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ምን እናድርግ? (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ልጁ ሰነፍ አይደለም ያሉትን አምናለሁ፤ የመልሴም መነሻ እሱ ነው። የአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች፣ የመጀመሪያው በኢሊኖይ ግዛት በጆሊየት ከተማ በ1901 ከተከፈተ ጀምሮ፣ በራቸውን ለሁሉም ክፍት በማድረጋቸው ለእኛ ለስደተኞች ትልቅ ባለውለታ ናቸው። ይሁን እንጂ ለሙሉ ጊዜ ተመዝግበው ከሚጀምሩት ተማሪዎች በሦስት ዓመት ውስጥ የሚመረቁት ከሦስቱ አንዱ ገደማ ብቻ ናቸው። ስለዚህ በቤታችሁ የደረሰው ነገር የእናንተ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም፤ በየጎረቤቱ ያለና ሰው አፍሮ የማያወራው ነገር ነው።

ከልምዴ እንዳየሁት ተማሪ በአንድ ቀን ውሳኔ ትምህርቱን አያቋርጥም። አንድ ሴሚስተር ሥራ በዝቶበት ሁለት ኮርስ ብቻ ይወስዳል፤ በሚቀጥለው ሒሳብ ከብዶት በመሀል ይተወዋል፤ ከዚያ ሜጀር ይቀይርና ቀድሞ የወሰዳቸው ኮርሶች የማይቆጠሩለት ይሆናሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ጠርቶ የሚጠይቀው ሰው የለም። ሒሳቡን እንመልከተው። አሶሺየት ዲግሪ፣ ማለትም የኮሚዩኒቲ ኮሌጁ የሁለት ዓመት ዲግሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ 60 ክሬዲት ነው፤ ክሬዲት ማለት ኮርሶች የሚመዘኑበት ነጥብ ነው። ለገንዘብ እርዳታ ሲባል 12 ክሬዲት የያዘ ሰው የሙሉ ጊዜ ተማሪ ይባላል፤ ነገር ግን በየሴሚስተሩ 12 ብቻ የሚወስድ ተማሪ አንድም ኮርስ ሳይወድቅ አምስት ሴሚስተር ያስፈልገዋል። በሁለት ዓመት ለመጨረስ 15 መያዝ ግድ ነው። ስድስት ስድስት የሚወስድ ደግሞ አምስት ዓመት ይፈጅበታል። «ሙሉ ጊዜ ነው የምማረው» የሚለው ቃል ብዙ ወላጆችን ያዘናጋው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ልጅዎ «ትንሽ ነው የቀረኝ» ያለው እውነት መሆን አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ወረቀት አለ፤ ዲግሪ ኦዲት ይባላል። ተማሪው በኮሌጁ ድረ ገጽ በራሱ ስም ገብቶ ያትመዋል። ለያዘው ሜጀር የሚያስፈልጉት ኮርሶች በተራ ተጽፈው፣ ያለፋቸው ምልክት ተደርጎባቸው፣ የቀሩት ባዶ ሆነው ይታያሉ፤ ከታች ደግሞ ተማሪው ወስዷቸው ለዲግሪው የማይቆጠሩለት ኮርሶች ለብቻቸው ይሰፍራሉ። አንድ ጊዜ 52 ክሬዲት የያዘ ወጣት ለመመረቂያ ሊያመለክት ቢሮዬ መጣ። ወረቀቱን አትመን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን በእርሳስ እያሰመርን ስንቆጥር፣ ለሜጀሩ የሚያገለግሉት 34 ብቻ ሆነው ተገኙ። የቀሩት 18 ክሬዲቶች አንድ ዘመድ «ይህን ውሰድ፣ ቀላል ነው» እያለው የወሰዳቸውና ጥሩ ውጤት ያመጣባቸው ኮርሶች ነበሩ። በዚያ ቀን ልጁ ያለቀሰው ስለ ገንዘቡ አልነበረም፤ ለእናቱ ምን ብሎ እንደሚነግራት ጨንቆት ነበር። እርስዎ ከልጅዎ ጋር ወረቀቱን ሲያዩ ይህን ቢያስቡልኝ ደስ ይለኛል፤ ለቁጣ ሳይሆን ለመቁጠር ይቀመጡ።

ኮሌጁ ዝም ያለዎት ንቆዎት አይደለም። ፈርፓ በመባል የሚታወቀው የ1974 የፌዴራል ሕግ ተማሪ ኮሌጅ ከገባ በኋላ በትምህርት መዝገቡ ላይ ያለውን መብት ለራሱ ይሰጠዋል፤ ወላጅም ክፍያውን የሚከፍል ቢሆን እንኳ ኮሌጁ መዝገቡን የማሳየት ግዴታ የለበትም። ልጅዎ ፈቃደኛ ከሆነ የስምምነት ፎርም መፈረም ይችላል፤ ከዚያ የሚቀለው ግን አብራችሁ አማካሪው ዘንድ መሄድ ነው።

አማካሪው ፊት ስትቀመጡ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ አሁን ካለው ክሬዲት ብዙውን የሚቆጥርለት የትኛው ሜጀር ነው? አንዳንድ ጊዜ ወደ መጀመሪያው ሜጀር መመለስ አንድ ዓመት ያተርፋል። ሁለተኛ፣ የሒሳብና የእንግሊዝኛ መሠረታዊ ኮርሶች አልፏልን? ካላለፈ ከሁሉ በፊት እነሱን መያዝ አለበት፤ ተማሪዎች ሒሳብን እየሸሹ ለመጨረሻ ሲያቆዩት፣ በመጨረሻው ሴሚስተር የሚያስቀራቸው እሱ ይሆናል። ሦስተኛ፣ የገንዘብ እርዳታው እስከ መቼ ይቆይለታል? ፔል ግራንት የተባለው የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ድጎማ በሕይወት ዘመን ለ12 የሙሉ ጊዜ ሴሚስተሮች ያህል ብቻ ነው የሚሰጠው፤ በ2024 እና በ2025 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው መጠን በዓመት 7,395 ዶላር ነበር። ልጁ እዚህ ያባከነው ሴሚስተር ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የሚቀነስበት ነው። በተጨማሪም እርዳታው እንዳይቋረጥ አብዛኞቹ ኮሌጆች ተማሪው አማካይ ውጤቱን ከ2.0 በላይ እንዲጠብቅ፣ ከተመዘገበባቸው ኮርሶች 67 በመቶውን እንዲያልፍና ባለ 60 ክሬዲቱን ዲግሪ ከ90 ክሬዲት ሳያልፍ እንዲጨርስ ይጠይቃሉ። በመሀል የተተወ ኮርስ ውጤት ባይበላሽበትም በዚህ ስሌት ውስጥ እንደ ሙከራ ይቆጠራል፤ ተማሪዎች በጣም ዘግይተው የሚያውቁት ነገር ነው።

ለባለቤትዎም አንድ ቃል አለኝ። ስለ ኑሮ መጨነቅዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ልጁን ከትምህርት የሚያወጣው እርምጃ ከመወሰዱ በፊት ተቃራኒው ይሞከር። የኒው ዮርክ ሲቲ ዩኒቨርሲቲ በ2007 በኮሚዩኒቲ ኮሌጆቹ ኤሳፕ የተባለ ፕሮግራም ጀመረ። ተማሪዎቹ የሙሉ ጊዜ እንዲማሩ ግዴታ ተጣለባቸው፤ በለውጡ ግን ጥቂት ተማሪ ብቻ የያዘና በየጊዜው የሚያገኛቸው አማካሪ፣ የትራንስፖርት ካርድ፣ የመጽሐፍ ወጪና እርዳታው የማይሸፍነው የትምህርት ክፍያ ተሰጣቸው። ተማሪዎች በዕጣ ተከፍለው ሲጠኑ፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ከገቡት 40 በመቶ በሦስት ዓመት ተመረቁ፤ ካልገቡት ግን 22 በመቶ ብቻ። በኦሃዮ ሦስት ኮሌጆች ያንኑ አሠራር ሲሞክሩት 35 ለ19 ሆነ። ልጆቹ ከሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ነበሩ፤ የተለያየው የተደረገላቸው ነገር ነው። እርስዎ የኒው ዮርክን ገንዘብ ባይኖርዎትም፣ ልጅዎ በሳምንት ሁለት ሺፍት እንዲቀንስና የሚጎድለውን ቤተሰቡ ለአንድ ዓመት እንዲሸፍንለት ማድረግ ግን በብዙ ቤት የሚቻል ነው። በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እየሠራ 15 ክሬዲት የሚሸከም ወጣት ጥቂት ነው። የበጋው ሴሚስተርም ይታሰብ፤ ከ2017 ወዲህ ፔል ግራንት ለበጋም ይሰጣል፤ ሒሳብን ብቻውን በበጋ መውሰድ ብዙዎችን ረድቷል።

ጥያቄ፦ በኢትዮጵያ በነርስነት ተመርቄ ሰባት ዓመት ጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ። አሁን አሌክሳንድሪያ ሆኜ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ሌሊት በረዳት ነርስነት እሠራለሁ። ኮሌጅ ተመዝግቤ ሁለት ሴሚስተር እንግሊዝኛ ተምሬአለሁ። ጓደኞቼ «ፕሪ ነርሲንግ ብለሽ ከዜሮ ጀምሪ» ይሉኛል። ዕድሜዬ 38 ነው። ከዜሮ መጀመር አለብኝን? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሌላ አንድም ኮርስ ከመመዝገብዎ በፊት የኢትዮጵያው ማስረጃዎ ይገምገም። በውጭ አገር የተማሩ ነርሶችን ማስረጃ የሚመረምር፣ ለረጅም ዓመታት ሲጂኤፍኤንኤስ በሚል ስም የታወቀ ድርጅት አለ፤ የየስቴቱ የነርሲንግ ቦርድም የትኛውን ግምገማ እንደሚቀበል በድረ ገጹ ያስታውቃል። የሚታየው ዋናው ነገር በአዋቂዎች ሕክምና፣ በእናቶችና ጨቅላ ሕፃናት፣ በልጆችና በአእምሮ ጤና፣ በእያንዳንዳቸው የክፍል ትምህርትና የተግባር ልምምድ መውሰድዎ ነው። አራቱም ካሉ፣ የእንግሊዝኛ ፈተናውን አልፈው ኤንክሌክስ ለተባለው የፈቃድ ፈተና መቅረብ የሚችሉበት በር ሊከፈት ይችላል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ያንኑ ብቻ በኮሌጅ ማሟላት ይቻል እንደሆነ ቦርዱን ይጠይቁ። ትራንስክሪፕቱ ከተማሩበት ትምህርት ቤት በቀጥታ ለገምጋሚው መላክ ስላለበት፣ አገር ቤት ሬጅስትራር ቢሮ እየተመላለሰ የሚከታተል ሰው ዛሬውኑ ይወክሉ። ብዙ ወር የሚያስቆየው ይህ ደብዳቤ ነው፤ የተማሩበት ተቋም ስሙን ለውጦ ወይም ተዘግቶ ከሆነም ማስረጃው ያለበትን ቦታ ማፈላለጉ ሌላ ጊዜ ይወስዳል።

ግምገማው የማይሳካ ከሆነ የኮሌጁ መንገድ አለ፤ ነገር ግን ፕሪ ነርሲንግ የሚለው ስም አያታልልዎ። በዚያ ስም መመዝገብ ወደ ነርሲንግ ትምህርቱ መግባት አይደለም፤ አናቶሚና ፊዚዮሎጂን፣ ማይክሮባዮሎጂንና መሰል ኮርሶችን ወስዶ ከብዙ አመልካቾች ጋር መወዳደር ነው። በብዙ ኮሌጆች የሳይንስ ኮርስ ዓመታት ሲያልፉበት እንደማያገለግል ስለሚቆጠር፣ ቀስ እያሉ አንድ አንድ የሚወስዱ እናቶች መግቢያው ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያው ኮርስ አርጅቶባቸው ያገኙታል። እኔ ራሴ ይህ የደረሰባቸውን ሴቶች ቢሮዬ ተቀብዬ፣ ድገሙት ከማለት በቀር የምላቸው አጥቼ አውቃለሁ። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት ስንት ተማሪ በዓመት እንደሚቀበሉና ለመግባት የሚያስፈልገው ውጤት ስንት እንደሆነ ይጠይቁ፤ የትምህርት ቤቱ ተመራቂዎች ኤንክሌክስን በስንት በመቶ እንዳለፉም ከቦርዱ ማየት ይቻላል። እንደ መተንፈሻ ሕክምና፣ ራጅና ላቦራቶሪ ያሉ ዘርፎችንም ይመልከቱ፤ በሕመምተኛ አጠገብ የቆየ ሰው በእነዚህም ቶሎ ይሳካለታል።

ቨርጂኒያ ውስጥ ስለሚኖሩ ጂ ስሪ የተባለውን የስቴቱን እርዳታ ሳይጠይቁ እንዳይቀሩ። በ2021 የተጀመረ ሲሆን፣ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ ለሆነ የስቴቱ ነዋሪዎች ጤናን ጨምሮ በአምስት ዘርፎች ሌላው እርዳታ ያልሸፈነውን የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክፍያ ይሞላል። ስለ እንግሊዝኛው ደግሞ፣ ደረጃ በደረጃ ከሚወሰዱት የቋንቋ ኮርሶች ይልቅ በቀጥታ የኮሌጅ እንግሊዝኛን ከተጨማሪ ድጋፍ ጋር መውሰድ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። ካሊፎርኒያ በ2017 ባወጣችው ሕግ ተማሪዎች በፈተና ብቻ ተመዝነው ክሬዲት የሌላቸው ኮርሶች ውስጥ እንዳይታጎሩ ያደረገችው፣ ብዙዎቹ በቀጥታ ቢገቡ ማለፍ የሚችሉ ሆነው ስለተገኙ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ሲያትል ነው የምኖረው፤ በዚህ ዓመት በቢዝነስ አሶሺየት ዲግሪ ጨረስኩ። ከ40 በላይ ቦታ አመልክቼ ሁለት ጊዜ ብቻ ለኢንተርቪው ተጠራሁ፤ ሁለቱንም አላለፍኩም። የሥራ ልምድ የለኝም፤ ቅዳሜና እሑድ አክስቴን ሱቅ ውስጥ ከማገዝ በቀር። (የ22 ዓመት ተመራቂ)

መልስ፦ ታናሽ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት፤ ምክንያቱም የሚያስፈልግሽን ልምድ «ከማገዝ በቀር» ብለሽ በአንድ መስመር አልፈሽዋል። እዚያ ሱቅ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ? ካሽ ሬጅስተሩን ዘግተሽ የቀኑን ሽያጭ ታስታርቂያለሽ፤ የእንጀራና የቅመም አቅራቢዎች ደረሰኝ ሲያመጡ ትቀበያለሽ፤ ያልተከፈለውን ትከታተያለሽ፤ ዕቃ ሲያልቅ ታዝዣለሽ። አክስትሽ ደመወዝ ስላልቆረጠችልሽ ሥራ ሳይባል ቀረ እንጂ፣ አንድ የሒሳብ ክፍል ጀማሪ ሠራተኛ የሚሠራው ይህንኑ ነው። በሲቪሽ ላይ በቁጥር ጻፊው፤ ስንት አቅራቢ፣ በሳምንት ስንት ደረሰኝ፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ። ሒሳቡን በደብተር ከሆነ የምትይዙት፣ በዚህ ወር ኩዊክቡክስ ወደተባለው የሒሳብ መያዣ ፕሮግራም አዛውሪውና ያንንም ጻፊ።

የኢንተርቪው ነገር ደግሞ ከአስተዳደጋችን ጋር ይያያዛል። እኛ ቤት ልጅ ስለ ራሱ አያወራም፤ ታላቅ ሰው ፊት ዓይኑን ይሰብራል፤ የሠራውን ሲጠየቅ «እኛ» ይላል። ይህ ጨዋነት ነው፤ እንድትጥዪውም አልመክርሽም። ነገር ግን ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው ዝምታሽን እንደ አለማወቅ ይተረጉመዋል። በኮሌጅ ሳለሁ ከተማሪዎቼ ጋር የኢንተርቪው ልምምድ ስናደርግ፣ አንዲት ልጅ የምርቃት ፕሮጀክቷን «እንዲህ አደረግን፣ እንዲህ አደረግን» እያለች ነገረችኝ። ከመካከሉ አንቺ ያደረግሽው የትኛው ነው ብላት፣ ጥቂት ዝም አለችና፣ ሙሉ የበጀቱን ሠንጠረዥ ለብቻዋ የሠራችው እሷ እንደሆነች ነገረችኝ። «እኔ ሠራሁት» የሚለውን ቃል ከአፏ ለማውጣት ሦስት ቀን ተለማመድን። አንቺም ሦስት አጫጭር ታሪክ አዘጋጂ፤ አንድ ችግር፣ አንቺ ያደረግሽው ነገር፣ የመጣው ውጤት፤ ከዚያ ጮክ ብለሽ ተለማመጂው። የኮሌጅሽ የሥራ መፈለጊያ ቢሮ ለተመራቂዎችም ብዙ ጊዜ ክፍት ስለሆነ ይህን እንዲያለማምዱሽ ጠይቂ።

የያዝሽው ዲግሪ ዓይነትም ይታይ። ለትራንስፈር የተዘጋጀ ዲግሪ ከሆነ፣ ለዩኒቨርሲቲ መሸጋገሪያ እንጂ በቀጥታ ለሥራ ተብሎ የተቀረጸ አይደለም። በዋሽንግተን ስቴት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ባለው ስምምነት፣ የትራንስፈር ዲግሪ ይዞ የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ በሦስተኛ ዓመት ደረጃ የሚጀምርበት ዕድል አለው። ይህን የምልሽ የዩኒቨርሲቲውን መንገድ ለነገ እንዳትዪው ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከሚገቡት አብዛኞቹ፣ 80 በመቶ ያህሉ፣ ባችለር ዲግሪ እንይዛለን ብለው ይጀምራሉ፤ ከጀማሪዎቹ ሁሉ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሸጋገሩት ግን ከሦስቱ አንድ ገደማ፣ በስድስት ዓመት ባችለሩን የሚይዙት 16 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። ሥራ እየፈለግሽ ማመልከቻውንም ላኪ፤ ሁለቱ አይጋጩም።

ጥያቄ፦ ማኅበራችን ለተማሪዎች 12,000 ዶላር አሰባስቧል። ከፍተኛ ውጤት ላመጡ አራት ልጆች ለእያንዳንዳቸው 3,000 ዶላር በሽልማት ለመስጠት አስበናል። ምን ይላሉ? (ከአትላንታ)

መልስ፦ ስለ በጎ ሥራችሁ አመሰግናለሁ፤ አከፋፈሉን ግን ብትለውጡት እመርጣለሁ። ከፍተኛ ውጤት ያመጡት አራት ልጆች ያለ እናንተም ይጨርሳሉ። እዚያው እናንተ ዘንድ ያለው የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከ2011 ጀምሮ ጥቂት ገንዘብ ጎድሏቸው ከምዝገባ ሊሰረዙ ለደረሱ ተማሪዎች አነስተኛ ድጎማ መስጠት ጀምሮ ነበር፤ መጠኑ በአማካይ ለአንድ ተማሪ 900 ዶላር ያህል ነበር፤ ከተቀበሉትም አብዛኞቹ ተመርቀዋል። በእኔም ዘመን አንድ ተማሪ ሁለት ኮርስ ቀርቶት፣ የ60 ዶላር የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ስላልከፈለ ምዝገባው ተቆልፎበት አንድ ሴሚስተር ሙሉ ቤቱ ተቀምጧል። ለማንም ሳይናገር ነው የተቀመጠው፤ እኔም ያወቅኩት ከወራት በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለዚህ ገንዘቡን ከ300 እስከ 800 ዶላር በሚደርስ ክፍያ ከፋፍላችሁ፣ ለመጨረስ ከ15 ክሬዲት በታች የቀራቸውን አስቀድሙ። ተማሪው ዲግሪ ኦዲቱንና የኮሌጁን ደረሰኝ ይዞ ይምጣ፤ ለመለመን ሳይሆን ለማሳየት ስለሆነ ደብዳቤ አታስጽፉት፣ በስብሰባም ስሙን አታንሡ። ከመስጠታችሁ በፊት የኮሌጁን የገንዘብ እርዳታ ቢሮ ጠይቁ፤ ከውጭ የሚመጣ ድጎማ አንዳንድ ጊዜ ከሌላው እርዳታ ላይ ይቀነሳል። ከአባላታችሁ መካከል በዚሁ ኮሌጅ ያለፉ ነርሶች፣ የሒሳብ ሠራተኞችና የኮምፒውተር ባለሙያዎች ካሉ፣ በወር አንድ ቅዳሜ በአዳራሻችሁ ተገኝተው የልጆቹን ዲግሪ ኦዲት አብረው እንዲያነቡላቸውና ፋፍሳ የተባለውን የፌዴራል የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ ሲሞሉ እንዲያግዟቸው አድርጉ። ኮሚቴውም በዓመት አንዴ ብቻ ሳይሆን ሴሚስተር ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በኦገስት መጀመሪያና በዲሴምበር መጨረሻ፣ ይቀመጥ፤ ያልከፈሉ ተማሪዎች ከመዝገብ የሚሰረዙት በእነዚያ ቀናት አካባቢ ስለሆነ፣ ቼኩም ከዚያ በፊት መድረስ አለበት።